ኑንሲዮው ማንን ይሾማሉ? ማንንስ ያዛሉ?

(በዚህ ዓምድ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ዜና ላይ አንዴ «የቫቲካን አምባሳደር»፣ አንዴ «ሐዋርያዊ ኑንሲዮ» ሲባል እሰማለሁ። አንድ ሰው ናቸው? ከሌላ አገር አምባሳደርስ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ አዎ፣ አንድ ሰው ናቸው። «የቫቲካን አምባሳደር» የሚለው አጠራር ግን ትንሽ ያሳስታል። ኑንሲዮው የሚወክሉት በ1929 በላተራን ውል የተቋቋመችውን ትንሿን የቫቲካን ከተማ ሳይሆን ቅድስት መንበርን፣ ማለትም በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ (በፖፑ) የሚመራውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ማዕከላዊ አመራር ነው። ከ1870 እስከ 1929 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የሚገዙት መሬት ባልነበራቸው ጊዜ እንኳ አምባሳደር መላክና መቀበል ያልቀረው ለዚህ ነው።

በመንግሥት በኩል አካሄዱ የተለመደው ነው፤ አስቀድሞ የተቀባዩ አገር ይሁንታ ይጠየቃል፣ ከዚያ ኑንሲዮው የሹመት ደብዳቤያቸውን ለርዕሰ ብሔሩ ያቀርባሉ። ስለ ዲፕሎማሲ ግንኙነት የተደረገው የ1961 የቪየና ስምምነትም ከአምባሳደር እኩል ያስቀምጣቸዋል። መንግሥትም እንደማንኛውም አምባሳደር ሊያስወጣቸው ይችላል፤ ኒካራጓ በ2022 አድርጋዋለች።

ልዩነቱ ኑንሲዮ ለአገሩ ቤተ ክርስቲያንም የሚላኩ መሆናቸው ነው። በቀኖናው ዋና ተግባራቸው ይኸኛው ነው፦ የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ከሮም ጋር ማስተሳሰር። ቅድስት መንበር ከመንግሥቱ ጋር ግንኙነት ከሌላት ለቤተ ክርስቲያኑ ብቻ «ሐዋርያዊ ልዑክ» ትልካለች። አዲስ አበባ የሚቀመጡት ኑንሲዮ ለጅቡቲም ኑንሲዮ ሲሆኑ ለሶማሊያ ግን ሐዋርያዊ ልዑክ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ጳጳስ የሚሾሙት እሳቸው ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የሚሾሙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ናቸው። በላቲን ሥርዓት (አብዛኛው የካቶሊክ ዓለም በሚከተለው) ግን ጉዳዩ የሚያልፈው በኑንሲዮው እጅ ስለሆነ አሉባልታው ከዚያ ይነሣል።

አንድ ጳጳስ 75 ዓመት ሲሞላቸው የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገባሉ። ተተኪ ሲፈለግ ኑንሲዮው የአካባቢውን ሊቀ ጳጳሳት፣ ጎረቤት ጳጳሳትን፣ የጳጳሳት ጉባኤውን ሰብሳቢና ከሀገረ ስብከቱ አማካሪ ካህናት አንዳንዶቹን ይጠይቃሉ። ካስፈለገም ሌሎች ካህናትንና አስተዋይ ምእመናንን ያክላሉ። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በምስጢር ይጠየቃል። ሰዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ ቢጠየቅ ድምፁ የጎላው የሁሉንም ሐሳብ ይወስደዋልና ይህ ሥርዓት ትክክል ነው። እጩው ቢያንስ 35 ዓመት የሞላው፣ 5 ዓመት በክህነት ያገለገለ፣ በቅዱስ መጽሐፍ፣ በነገረ መለኮት ወይም በቀኖና ሕግ ከፍተኛ ዲግሪ ወይም እውነተኛ ብቃት ያለው መሆን አለበት።

በመጨረሻ ሦስት ስሞች ከኑንሲዮው አስተያየት ጋር ወደ ሮም ይሄዳሉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከሦስቱ ውጭም ሊመርጡ ይችላሉ። የተመረጠውን ሰው «ትቀበላለህ?» ብለው የሚጠይቁት ኑንሲዮው ናቸው። እሺ ካለ በኋላ ነው ሹመቱ የሚታወጀው፤ ገና ጳጳስ ካልሆነ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ይቀባል።

ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመጠይቁ ላይ ነው። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ለጓደኛው ያማክራል፣ ጓደኛው ለእጩው ይነግራል፣ ከዚያ ድጋፍ ማሰባሰብ ይጀመራል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሰዎ የሚያውቁትን ብቻ ይጻፉ፤ የሰሙትን «ሰምቻለሁ» ብለው ይለዩት፤ ለእጩው በፍጹም አይንገሩ፤ ቅጂ አያስቀሩ።

የግእዝ ሥርዓት የምትከተለው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ይለያል። እንደ ዓዲግራት ወይም እምድብር ላለ ሀገረ ስብከት ቢያንስ ሦስት እጩዎችን መርጦ ለሮም የሚያቀርበው የራሷ የጳጳሳት ጉባኤ ነው።

ጥያቄ፦ ለሮም ጉዞ ቪዛ ይሰጣሉ? ቅሬታስ ይቀበላሉ?

መልስ፦ ቪዛ አይሰጡም፤ ወደ ቫቲካን የሚገባው በጣሊያን ስለሆነ የሚያመለክቱት ለጣሊያን ኤምባሲ ነው።

ኑንሲዮው የጳጳሳት አለቃ አይደሉም፤ ይመክራሉ እንጂ በጳጳሱ ሥልጣን አይገቡም። ስለዚህ የቁምስናዎን ካህን የሚመለከት ቅሬታ መጀመሪያ ለጳጳሱ ይቅረብ። ጳጳሱ ራሳቸው በፆታ ጥቃት ወይም ጥቃትን በመሸፋፈን ከተከሰሱ ግን፣ በ2019 በወጣው ደንብ መሠረት አቤቱታው በቀጥታ ለሮም ወይም በኑንሲዮው በኩል ሊላክ ይችላል። ቀኑን፣ ቦታውንና የሚያውቁ ሰዎችን ስም ይጻፉ። «ሁሉም የሚያውቀው ነው» በሚል ደብዳቤ ማጣራት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ግቢያቸው መግባት ይችላል?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይችልም፤ እንደ ማንኛውም ኤምባሲ። በፓናማ የታየው ይኸው ነው። የአገሩ ገዥ የነበሩት ጄኔራል ኖሪዬጋ ታኅሣሥ 24 ቀን 1989 ከአሜሪካ ጦር ሸሽተው ወደ ኑንሲዮው ሆሴ ሰባስቲያን ላቦዋ ግቢ ገቡ። ጦሩ ግቢውን ከቦ በድምፅ ማጉያ ሮክ ሙዚቃ ቢለቅበትም አጥሩን አልተሻገረም። ላቦዋ ሰውየውን በኃይል አላስወጧቸውም፤ በንግግር እንዲወጡ ገፋፏቸው እንጂ። ጥር 3 ቀን 1990 ማታ ኖሪዬጋ የጄኔራል ልብሳቸውን ለብሰው በእግራቸው ወጥተው እጃቸውን ሰጡ።