ለድርጅታችን የትኛው ባክአፕ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ስለ ድርጅት ባክአፕና ዲዛስተር ሪከቨሪ (ከአደጋ በኋላ ሲስተምን መልሶ ማስነሳት) ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሥራዬ ሰርቨር ማስተዳደር ነው። የማንንም ምርት አልሸጥም።

ጥያቄ፦ 25 ሠራተኛ ያለን የንግድ ድርጅት ነን። ቪም፣ አክሮኒስ፣ ኮምቮልት፣ ሩብሪክ እያልን ግራ ገባን። የቱን እንግዛ?

ከምርቱ በፊት ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ ትችላላችሁ? ይሄ በባለሙያ ቋንቋ አርፒኦ ይባላል። ሲስተሙስ ስንት ሰዓት ቢቆም ትችላላችሁ? ይሄኛው አርቲኦ ነው። ሁለቱንም መመለስ ያለበት የአይቲ ክፍል ሳይሆን ሥራው ሲቆም ኪሳራው የሚያርፍበት ኃላፊ ነው። ባክአፕ የምታደርጉት ማታ ማታ ብቻ ከሆነና ዲስኩ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢበላሽ፣ የዕለቱ ሽያጭ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። ኃላፊው ይህን ከተቀበለ ርካሹ መፍትሔ ይበቃል። «በጭራሽ!» ካለ በጀቱንም አብሮ ይፍቀድ።

ቁጥሮቹ ከታወቁ ምርጫው ይጠብባል። ሰርቨሮቻችሁ ቪኤምዌር ወይም ሃይፐር-ቪ (በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሰርቨር የሚያሠሩ ሶፍትዌሮች) ላይ ከሆኑ ቪም ጠንካራ ነው፤ ነፃው እትም እስከ 10 ማሽን ድረስ ይሠራል። አክሮኒስ ባክአፕንና የኮምፒውተር ጥበቃን አንድ ላይ ስለሚሰጥ ብዙ ላፕቶፕ ላለው ድርጅት ይመቻል። ኮምቮልትና ሩብሪክ የትልቅ ተቋም መሣሪያ ናቸው፤ ለእናንተ መጠን አይመስሉኝም። ፕሮክስሞክስ የተባለውን ተመሳሳይ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱ የባክአፕ ሰርቨር አለው፣ ነፃ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ሊኑክስ የሚችል ሰው ካላችሁ ሬስቲክ ወይም ቦርግ የተባሉት ሶፍትዌሮች ያለ ላይሰንስ ክፍያ ኢንክሪፕት የተደረገ (ያለ ቁልፍ የማይነበብ) ባክአፕ ይይዙላችኋል።

ጥያቄ፦ ፋይሎቻችን በሙሉ ዋንድራይቭ ላይ ናቸው። ሌላ ባክአፕ ለምን ያስፈልገናል?

ዋንድራይቭ፣ የማይክሮሶፍቱ የኦንላይን ፋይል ማስቀመጫ፣ ሲንክ ያደርጋል። አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተበላሸ ፋይል በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ጋ ተበላሽቶ ይደርሳል። የቆዩ ቅጂዎችን መመለስ ይቻላል፣ እውነት ነው። ግን ገደብ አለው፤ በድርጅት አካውንት የተሰረዘ ፋይል በመደበኛው ሪሳይክል ቢን ውስጥ የሚቆየው 93 ቀን ነው። ከሥራ የለቀቀ ሰው አንድ ፎልደር አጥፍቶ ቢሄድና ኦዲተር ከአምስት ወር በኋላ ቢጠይቃችሁ የምታሳዩት ነገር አይኖርም። ለማይክሮሶፍት 365 ተብለው የተሠሩ የባክአፕ አገልግሎቶች አሉ። ቢያንስ ለሒሳብ ክፍልና ለኢሜይል ግዙ።

ጥያቄ፦ ሬይድ አለን። አይበቃም?

አይበቃም። ሬይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያሠራው አሠራር፣ የሚያድነው አንድ ዲስክ ሲሞት ነው። ስትሰርዙ ሁሉም ዲስክ ላይ ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ ዳታቤዛችን በየሰከንዱ ወደ ሁለተኛ ሰርቨር ይገለበጣል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ለዋናው ሰርቨር መሞት ግሩም ነው። ለሰው ስህተት ግን አይረዳም፤ የስረዛ ትእዛዙም በዚያው ፍጥነት ይገለበጣል። በጥር 2017 በሶፍትዌር ኩባንያው ጊትላብ ላይ የደረሰውን ላንሳ። አንድ ኢንጂነር የሁለተኛውን ሰርቨር ችግር ሲያስተካክል በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። ከዚያ ባክአፕ ሲፈለግ ዕለታዊው ባክአፕ በሶፍትዌር ቨርዥን አለመጣጣም ምክንያት ሲከሽፍ መክረሙ ታወቀ። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም በተቀባዩ የኢሜይል ሲስተም ውድቅ ተደርገው ነበር፣ ማንም አላያቸውም። የዳኑት ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ በተወሰደ ስናፕሾት (የዚያን ሰዓት የዳታው ቅጂ) ነው። ኩባንያው ይህን ሁሉ ራሱ ለሕዝብ ዘርዝሮ ጻፈው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ስለዚህ ከሁለተኛው ሰርቨር በተጨማሪ ዳታቤዙን ወደምትፈልጉት ደቂቃ የሚመልስ ባክአፕ ያዙ። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል የተባሉት ዳታቤዞች ይህን ይችላሉ፤ ከሙሉ ባክአፕ ጋር የለውጥ ሎጋቸውንም ማስቀመጥ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ጥያቄ፦ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ባክአፑንም ያጠፋል ይባላል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

ከሁሉም በላይ ልትጨነቁበት የሚገባው ይሄ ነው። ወንበዴዎቹ ገብተው ወዲያው አይቆልፉም። መጀመሪያ የአድሚን ፓስወርድ ይፈልጋሉ፣ ቀጥሎ ባክአፑን ያጠፋሉ፣ መቆለፍ መጨረሻ ላይ ነው። ባክአፕ ሰርቨራችሁ እንደ ሌላው ኮምፒውተር በድርጅቱ ዶሜይን (አካውንቶችና ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ሥርዓት) ውስጥ ካለና በዚያው የአድሚን አካውንት የሚከፈት ከሆነ፣ አንድ ፓስወርድ ሁሉንም ይከፍታል። ኮድ ስፔስስ የተባለ ኩባንያ በ2014 የተዘጋው እንዲህ ነው። አጥቂው የክላውድ መቆጣጠሪያውን ያዘ፤ ባክአፑም እዚያው አካውንት ውስጥ ስለነበር አብዛኛው ነገር አብሮ ተሰረዘ።

በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን ሲመታ ደግሞ የዶሜይን ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ስለሚገለበጡ ሁሉም አብረው ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና የነበረው። የተረፈው መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ውጭ ስለነበር ነው። ኩባንያው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና መጫን ነበረበት።

እናንተ የመብራት መጥፋትን አትጠብቁ። አንድ ቅጂ ሆን ብላችሁ ከአድሚኑም እጅ አርቁ። ክላውድ ላይ ኦብጀክት ሎክ የሚባል ቁልፍ አለ፤ በጥብቅ ሁኔታው ካስቀመጣችሁት ጊዜው እስኪደርስ የአካውንቱ ባለቤትም ቢሆን ፋይሉን መሰረዝ አይችልም። ሻጭ ስታነጋግሩ መጀመሪያ ስለዚህ ጠይቁ። መልሱን ካድበሰበሰ ወደ ሌላው እለፉ።

ጥያቄ፦ 10 ቴራባይት ዳታ አለን። ሁሉንም ክላውድ ላይ ብናደርግና ብንገላገልስ?

ወደ ክላውድ መስቀሉ አያስቸግርም፤ ማውረዱን አስሉት። 10 ቴራባይት በ100 ሜጋቢት መስመር፣ መስመሩ ያለ ፋታ ቢሠራ እንኳ፣ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። በ1 ጊጋቢት 22 ሰዓት ገደማ ነው። ርካሹን የአማዞን ክላውድ ማስቀመጫ፣ ግሌሸር ዲፕ አርካይቭን፣ ከመረጣችሁ ደግሞ ማውረድ ከመጀመራችሁ በፊት እስከ 12 ሰዓት፣ በዝቅተኛው ክፍያ እስከ 48 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ብዙ አቅራቢዎች ለማውረዱም ያስከፍላሉ። የዋጋ ሠንጠረዥ ስታዩ ያንን ረድፍ አትዝለሉ። እኔ የምመክረው አንድ ቅጂ ቢሮ ውስጥ ለፈጣን ሪስቶር፣ አንድ ቅጂ ክላውድ ላይ ለእሳትና ለሌባ ነው። ከዋናው ጋር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ፤ 3-2-1 የሚባለው ሕግ ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ የኦንላይን መሸጫ አለን። ከአንድ ሰዓት በላይ መቆም አንችልም።

እንግዲያው ባክአፕ ብቻውን አያዋጣችሁም፤ ተጠባባቂ ሲስተም ያስፈልጋል። የማይክሮሶፍት አዙር ሳይት ሪከቨሪና የአማዞን ኢላስቲክ ዲዛስተር ሪከቨሪ ዳታችሁን ሌላ ቦታ በተከታታይ እየገለበጡ ሰርቨሮቹን አደጋ ሲደርስ ብቻ ያስነሳሉ። ሁለት ሙሉ ሲስተም ጎን ለጎን ከማሠራት በጣም ይረክሳል። ተጠባባቂው ግን ሌላ ከተማ ይሁን። በመጋቢት 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የክላውድ ኩባንያው ኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል።

ጥያቄ፦ ቴፕ አሁንም አለ?

አለ። ኤልቲኦ-9 የሚባለው የቴፕ ዓይነት አንዱ ካሴት 18 ቴራባይት ይይዛል። ከማጫወቻው ሲወጣ ሀከር አይደርስበትም። ማጫወቻው ውድ ስለሆነ ግን ለትንሽ ድርጅት አልመክርም።

ጥያቄ፦ የባክአፑ ሙከራ በስንት ጊዜው? ቁልፉስ የት ይቀመጥ?

በየወሩ ጥቂት ፋይሎች፣ በየሦስት ወሩ አንድ ሙሉ ሰርቨር ከባክአፑ ወደ ባዶ ማሽን መልሱ። ሰዓት ያዙ፤ ከአርቲኦው ካለፈ ለኃላፊው ንገሩት። ሙከራውን የሚሠራው ሲስተሙን የዘረጋው ሰው ባይሆን ይሻላል። መመሪያው ላይ የጎደለው ነገር ወዲያው ይታያል።

የኢንክሪፕሽኑን ቁልፍና የስልክ ቁጥሮቹን በወረቀት አትማችሁ በሁለት ኃላፊዎች እጅ፣ ከቢሮ ውጭ አስቀምጡ። ፓስወርድ ማኔጀሩ በዚያው በተቆለፈው ሰርቨር ላይ ካለ ባክአፑን የሚከፍት አይኖርም።