በጮቄ ግርጌ ያለ ደመወዝ መሥራት ያዋጣል?

ውድ እህቴ፣ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ከተመረቅሽ ዓመት እንዳለፈሽ፣ በጮቄ ተራራ ሥር ባለው ሲናን ወረዳ ከልቅ ግጦሽ በተከለለ የወል መሬት ላይ በበጎ ፈቃድ ልትሠሪ እንዳሰብሽ፣ አባትሽ ግን «ተምረሽ በነፃ ጉድጓድ ልትቆፍሪ ነው?» እንዳሉሽ ጽፈሻል።

አባትሽ ከፊል እውነት አላቸው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በቅጥር ጊዜ የሚይዙት ደመወዝ የተከፈለበትን፣ ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነም የሥራ ግብር የተቆረጠበትን ልምድ ስለሆነ፣ የበጎ ፈቃድ ደብዳቤ «2 ዓመት» የሚለውን መስፈርት ይሞላልኛል ብለሽ እንዳትነሺ። የሚጠቅምሽ በ0 ዓመት መደብ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ነው፤ ያውም ከቦታው ይዘሽ የምትመለሺው ነገር ካለ ነው።

በሐምሌ ችግኝ ለመትከል የማይወጣ የለም፤ በጥር ተመልሶ የጸደቀውን የሚቆጥር ግን እምብዛም አይገኝም። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች የሚነሡበት ደጋ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ አመዳይ መጣል ሲጀምር ማታ ለምለም የነበረው ለጋ ችግኝ ጠቁሮ ያድራል። በአንድ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ችግኝ መትከላቸውን ሲነግሩን፣ ስንቱ እንደጸደቀ የመለሰው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ጭቃ የነካው ደብተር ከቦርሳው አውጥቶ ነው።

ስለዚህ ሰፊ መሬት አትመኚ። 100 ያህል ችግኝ የሚይዝ ቁራሽ ተረከቢና በእያንዳንዱ አጠገብ ቁጥር ያለበት እንጨት ትከዪ። ኮሶ ይሁን አስታ ዝርያውን፣ የተተከለበትን ቀን፣ ቦታው ተዳፋት ይሁን ሜዳ መዝግቢ። በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ ስትቆጥሪ የሞተውን «ሞተ» ብለሽ ብቻ አትለፊው፤ አመዳይ ይሁን፣ ከብት ረግጦት ይሁን፣ ውሃ ተኝቶበት ይሁን ምክንያቱን ጻፊ። ግማሹ ቢሞትብሽ እንኳ እንዳትደብቂው፤ ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ለምን እንደሞተ ነው።

ከችግኙ ይልቅ የሚከብደው የሰው ጉዳይ ነው። የተከለለ መሬት የሚጠበቀው በአጥር ሳይሆን በስምምነት ነው፤ ከብት እንዳይገባ ተከልክሎ ሣሩ በተራ እየታጨደ ሲወሰድ፣ ገበሬው ከተከለለው መሬት የሚያገኘውን ስለሚያይ ራሱ ይጠብቀዋል። የአጨዳው ተራ እንዴት እንደሚደለደልና ከብቱን ያስገባ ሰው በመተዳደሪያ ደንቡ ምን እንደሚቀጣ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ። እረኞቹንም አትናቂ፤ የትኛው ጥግ ሌሊት በከብት እንደሚበላ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከመጀመርሽ በፊት የሥራ ድርሻሽን፣ ቆይታሽንና ስትጨርሺ የሚሰጥሽን ማስረጃ በጽሑፍ አስይዢ። የመጓጓዣና የምግብ ወጪ ማን እንደሚሸፍን ሳታውቂ አትሂጂ፤ ራሷን የምታስርብ በጎ ፈቃደኛ እስከ ጥር አትቆይም። መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢው ሰው ሳያረጋግጥልሽም ከቤት አትውጪ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሠርተሽ በቀሩት ቀናት ሥራ ማፈላለግሽን ብትቀጥዪ፣ አባትሽም የሚቀበሉት ይመስለኛል።

አሁን ሰኔ ነውና ጉድጓዱ ተቆፍሮ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አግኚና አምና የተተከለበትን ቦታ እንዲያሳይሽ ጠይቂ፤ የመጀመሪያውን ቆጠራ ከዚያ ጀምሪ።