አፈር ነው ተብላ የተጣለችው ከረጢት

"የሙከራ ጉድጓዴ ባዶ ሆነብኝ፤ ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ?" ብላ አንዲት የአርኪዮሎጂ ተማሪ ጠየቀችኝ። "ያየሽውን ጻፊ" ብዬ ገላገልኳት። ጥያቄዋ ግን እኔን አልገላገለኝም። ስንት ዘመን የተዳፈነ ቁጭት ቆሰቆሰብኝ።

ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። ቦታው በመካከለኛው ዘመን መባቻ ገዳም ነበረበት ይባላል እንጂ ከመሬት በላይ የሚታይ ግንብ የለውም። በሰሜን አውሮፓ የዚያ ዘመን ገዳማት ብዙዎቹ ቤቶቻቸው የእንጨት ነበሩ። የሚተርፈው የምሰሶ ጉድጓድና የአፈር ቀለም ለውጥ ነው። ግቢውን የሚከበው ቦይ ግን በቀላሉ አይጠፋም። እኛም ቦዩን አቋርጠን አንድ ጠባብ ጉድጓድ ከፈትን።

አለቃችን የተቀረጸ የመስቀል ድንጋይ ነበር የሚመኘው። የወጣው ጭቃ፣ ጠጠርና ጥቂት የከብት አጥንት ነው። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ስንደርስ፣ ጣት የማታህል ጥቁር መስመር ታየች። ጎንበስ ብዬ በማንኪያዬ ጫፍ ነካ አደረግኳት። ከሰል ናት። መሃሏ የተቃጠለ እህል አለ፤ ፍሬው ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። የቦይ ወለል እኮ ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ ካልተጠረገ በቀር፣ ቦዩ እንደተቆፈረ መጀመሪያ የገባበትን ይይዛል። የዚያች ከሰል ዕድሜ ቢታወቅ፣ ገዳሙ መቼ እንደተከለለ ፍንጭ ይሰጠን ነበር።

ለልኬት የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ከረጢት ውስጥ ጨመርናት፣ የወጣችበትን የአፈር ንብርብር ቁጥር ጻፍንባት፣ ጉድጓዱን ደፈንን። ከዓመታት በኋላ ገንዘቡ ሲገኝ መጋዘን ሄድኩ። አጥንቱ ታጥቦ፣ ቁጥር ተጽፎበት በሥርዓት ተቀምጧል። እሱ ደግሞ ቦዩን ከሞላው ከላይኛው አፈር የወጣ ስለሆነ ጥያቄያችንን አይመልስም። ከረጢቷ የለችም። "እሱማ አፈር ነው ብለን ጣልነው" አለኝ የመጋዘኑ ሰው፣ ፈታ ብሎ። ምን ይባላል?

ይበልጥ የሚያናድደኝ ሌላ ቦታ የሆነውን ሳስብ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ቻርልስ ቶማስ በ1957 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ አዮና ደሴት ላይ ቆፍሮ ነበር። የደሴቲቱን ገዳም የመሠረተው ቅዱስ ኮሎምባ ይጽፍበት ነበር በሚባለው ጉብታ ላይ ከተቃጠለ ጎጆ ከሰል አገኘ። የከሰልንና የመሳሰለውን ዕድሜ በውስጡ ከቀረው ካርበን የሚለካው የራዲዮካርበን ዘዴ ያኔ ገና ጨቅላ ነው፤ ብዙ ከሰልም ይፈጃል። ሰውየው ናሙናውን በክብሪት ቀፎ አድርጎ ቤቱ አስቀመጠው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስለኩት። በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ውጤት በዚያው አቆጣጠር ከ540 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ኮሎምባ የሞተው በ597 ነው። ጎጆዋ የእሱ ናት ማለት አይደለም፤ ዘመኑ ግን ገጠመ። በክብሪት ቀፎ!

እናንተ የዛሬ ተማሪዎች ደግሞ ፎቶ ትወዳላችሁ። ጉድጓዱ ገና ሳይጠራ ስልክ ይወጣል። የጉድጓዱን ግድግዳ በእጃችሁ ሳሉት፤ ካልሳላችሁት የንብርብሮቹን መጋጠሚያ አታዩትም። ይህን የምለው የእኔ ሥዕል አምሮ አይደለም። የዚያን ቦይ ሥዕሌን ዛሬ ሳየው ለራሴም አይገባኝም። ደግነቱ አንድ ጓደኛዬ ፎቶ አንስቶ ነበር።

እዚያው ስኮትላንድ ፖርትማሆማክ ላይ ማርቲን ካርቨር የመራው ቁፋሮ የገዳም ብራና መሥሪያ አግኝቷል። የታወቀው በምን መሰላችሁ? በአጥንት ችካል፣ በጠጠርና በተጠማዘዘ ቢላ። ለየብቻ ቢታዩ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ባዶ ጉድጓድም ይናገራል፤ ሰፈሩ እዚያ ድረስ አልደረሰም ይሆናል። የሰው እጅ ያልነካው አፈር በስንት ሴንቲሜትር ጥልቀት እንደተገኘ ይጻፍ። ከየንብርብሩም አፈር ይወሰድ። ለዕድሜ ልኬት የወፍራም ግንድ ከሰል አትምረጡ፤ የግንዱ እምብርት ዛፉ ከመቆረጡ ብዙ ዓመት ቀድሞ የበቀለ ሊሆን ይችላል። የእህል ፍሬ ወይም ቀጭን ቅርንጫፍ ይሻላል። ዛሬ ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል።

መጋዘኑን ደግሞ ቁፋሮው ሳይጀመር ጠይቁ። አፈሩን ማን ይረከባል? እስከ መቼ ያቆያል? ከመጣሉ በፊት ማንን ያስፈቅዳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የማስቀመጫውንም ወጪ በጀቱ ውስጥ አስገቡት።