ከጦርነቱ በኋላ የዴንማርክ ፓርቲዎችና ወጣቶቻቸው፦ ጥያቄና መልስ

ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ተቀናቃኝ ፓርቲዎች በወጣቶች ጉዳይ እንዴት ሊስማሙ ቻሉ?

መልስ፦ ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሳይሆን በወረራው ዘመን ነው። ጀርመን በሚያዝያ 1940 አገሪቱን ስትይዝ፣ የሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ የወግ አጥባቂዎቹ፣ የቬንስትሬ (የሊበራሉ ፓርቲ) እና የራዲካሎቹ (የማኅበራዊ ሊበራሎቹ ፓርቲ) የወጣት ክንፎች ከሌሎች ማኅበራት ጋር በዚያው ዓመት አንድ ኅብረት መሠረቱ። በሊቀ መንበርነት ያስቀመጡት የፓርቲ ሰው ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ፕሮፌሰሩን ሀል ኮክን ነበር። ይህ ምርጫ እጅግ አስተዋይነት የታየበት ይመስለኛል። ኮክ ወጣቱ በአገር ፍቅር መዝሙር ብቻ እንዲጽናና አልፈለገም፤ ስለ ፖለቲካ እንዲያስብና እንዲከራከር ነበር የሚጎተጉተው። በ1946 ክሮገሩፕ የተባለውን የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት (ፈተናና ዲግሪ የሌለበት የጎልማሶች አዳሪ ትምህርት ቤት) መምራት የጀመረውም በዚሁ መንፈስ ነው።

ጥያቄ፦ ከተስማሙ ታዲያ ክርክሩ ምን ላይ ነበር?

መልስ፦ ራሱ ዴሞክራሲ ምንድን ነው በሚለው ላይ! ኮክ ዋናው ነገር ውይይትና መደማመጥ ነው ሲል፣ የሕግ ሊቁ አልፍ ሮስ ደግሞ ዴሞክራሲ የብዙኃኑ ድምፅ የሚገዛበት የአስተዳደር ሥርዓት ነው ብሎ ሞገተው። በገንዘቡ ረገድ ግን ነገሩ ቀለል ያለ ነበር። በ1949 በተጀመረው የእግር ኳስ ውርርድ ከሚገኘው ትርፍ ለስፖርትና ለወጣት ማኅበራት ድርሻ ተመደበ። መንግሥት ድጎማ ይሰጣል፤ ስብሰባውን፣ አመራሩንና ሐሳቡን የሚወስኑት ግን ማኅበራቱ ናቸው። ቀኙም ግራውም ሊቀበለው የቻለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ የሌላውን ወጣቶች መጠቅለል አይችልም ነበርና።

ጥያቄ፦ ወጣቶቹ ራሳቸው ድምፅ ይሰጡ ነበር?

መልስ፦ እኔን የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። እስከ 1953 የመምረጫው ዕድሜ 25 ነበር። በዚያ ዓመት ሕዝቡ 21 ወይስ 23 ተብሎ ሲጠየቅ 23ን መረጠ፤ 21 የሆነው በ1961 ነው። በ1969 ፓርላማው 18 ይሁን ብሎ ቢወስንም፣ በሕዝበ ውሳኔው ከመራጮቹ ወደ 79 በመቶ የሚጠጉት አይሆንም አሉ። የፓርቲዎች ስምምነት የሕዝብ ስምምነት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ማኅበር እንዲመራ የታመነው ወጣት ለምርጫ ሳጥን አልታመነም። በ1971 ዕድሜው ወደ 20 ዝቅ አለ፤ 18 የጸደቀው በ1978 ሲሆን፣ ያኔም የደገፉት 54 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።