«መርፌ ያስወጋሃል» አትበሉት፦ ስለ ልጆችና ስለ ጥርስ ሐኪም ጥያቄና መልስ

ዶክተሯ፦ እንደምን አመሻችሁ። የምሠራው ሕፃናት ጥርስ ላይ ነው። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አለሁ። ስትጠይቁ የልጁን ዕድሜ ጻፉልኝ። ያለ ዕድሜ ምንም ማለት አልችልም።

እናት ከአያት፦ ልጄ 4 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ወስጄው ወንበሩ ላይ እንኳ ሳይቀመጥ ተመለስን። ነጭ ጋውን ሲያይ ነው መጮህ የጀመረው። ማንም አልነካውም!

ዶክተሯ፦ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤት ውስጥ «ካልበላህ ዶክተሯ መርፌ ትወጋሃለች» ይባላል?

እናት ከአያት፦ እውነት ለመናገር አዎ። እኔም ሞግዚቷም እንላለን።

ዶክተሯ፦ ስላልደበቅሽኝ አመሰግናለሁ። ልጁ እኔን ሳያየኝ በፊት ቅጣት ሆኜ ተነግሮታል። ታዲያ ቢጮህ ምን ይገርማል? ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ለሞግዚቷም፣ ለአያቱም ንገሪያቸው።

ሁለተኛ፣ ልታጽናኚው ብለሽ «አያምህም፣ መርፌ የለም» አትበይው። ልጅ ከዚህ ውስጥ የሚይዘው «ያማል» እና «መርፌ» የሚለውን ነው። ትንሽ ካመመው ደግሞ በሚቀጥለው አንቺንም እኔንም አያምንም። «ዶክተሯ ጥርስህን ትቆጥርልሃለች» በቂ ነው። የወተት ጥርስ 20 ነው፣ በእሱ ዕድሜ ሁሉም ወጥቷል። ቤት ውስጥ ጭንሽ ላይ በጀርባው አስተኚው፣ በማንኪያ ጀርባ ጉንጩን ገለል አድርገሽ ቁጠሪለት። ከዚያ እሱ ያንቺን ይቁጠር።

ስትመጪ ጠዋት ይሁን፣ ጠግቦና ተኝቶ ተነስቶ። የሚያመው ነገር ከሌለ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሠራም። ወንበሩን ከፍ ዝቅ አደርግለታለሁ። ውሃ የሚመጥጠውን ቱቦ መዳፉ ላይ፣ የሚሽከረከረውን ብሩሽ ጥፍሩ ላይ አሳየዋለሁ። መንገር፣ ማሳየት፣ ከዚያ መሥራት ነው። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ መንገድ ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም። እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ እለዋለሁ። ሲያነሳ ደግሞ የምሬን አቆማለሁ። አንድ ጊዜ ካታለልኩት አለቀ።

አባት ከጎተራ፦ ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ማባበል ግን አልበዛም? እኛ ሁለት ሰው ይዞን ነው የተነቀልነው። ምን ሆንን?

እናት ከሳሪስ፦ ወንድሜ፣ ምን እንደሆንን እኔ ልንገርህ። 34 ዓመቴ ነው። ጥርሴ እየበሰበሰ እንኳ እግሬ ክሊኒክ አይረግጥም።

አባት ከጎተራ፦ ያንቺ ሌላ ነው። ልጅ ቆንጠጥ ካላሉት አይሰማም።

እናት ከሳሪስ፦ ስለ ቁጣ ማን አወራ? ስለ ፍርሃት ነው የምናወራው!

ዶክተሯ፦ ተዉ እንጂ። ወንድሜ፣ ፊቱ አብጦ አጣዳፊ ከሆነ ልጅን መያዝ ግድ የሚልበት ጊዜ አለ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ያንን ለሁሉም ነገር መንገድ ማድረግ ግን ልጁን ዕድሜ ልኩን ከሐኪም ያርቀዋል። እደግመዋለሁ፣ በመርፌ አታስፈራሩ።

እህት ከዱባይ፦ በስንት ዓመት ነው መጀመር ያለበት?

ዶክተሯ፦ የመጀመሪያው ጥርስ እንደወጣ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 1 ዓመት ሲሞላው።

አባት ከመገናኛ፦ ዋጋ ስንት ነው? ጥሩ ክሊኒክስ የት አለ?

ዶክተሯ፦ ዋጋም ክሊኒክም አልጠቁምም። ልጁን ሳትወስዱ ቀድማችሁ ገብታችሁ እንዴት እንደሚያናግሯችሁ እዩ።

ወላጅ፦ ልጄን ጥርሱን ያመዋል። ምን መድኃኒት ልግዛለት?

ዶክተሯ፦ ስንት ዓመቱ ነው? የቱ ጥርስ? ከመቼ ጀምሮ? እባካችሁ! አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትስጡ፣ የተቦረቦረ ጥርስ በአሞክሳሲሊን አይደፈንም። ፊቱ ካበጠና ካተኮሰው ዛሬውኑ ውሰዱት። ሕመም እስኪመጣ የጠበቀ ልጅ የመጀመሪያ ትዝታው ሕመም ይሆናል።

እናት ከአዳማ፦ የ9 ዓመት ልጄ አዲሶቹ ጥርሶቹ ቡናማ ሆነዋል። ብፍቅለትም አይለቅም።

ዶክተሯ፦ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ነው፣ ውሃ ውስጥ ያለ ማዕድን። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ የውሃ ጉድጓድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ገደብ፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ አለው። ውሃ ማፍላት አይቀንሰውም። ቆሻሻ አይደለም፣ ልጁን አታሸማቅቁት። አሳዩት።

አያት፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ 6 ወሯ ነው። ተቅማጥ ይዟታል፣ ድዷም ነጭ እብጠት አለው። ጎረቤት የወተት ጥርሷ ይነቀል ይላል። እናቷ እምቢ አለች።

እናት ከደብረ ብርሃን፦ የእኔ ልጅ ተነቅሎለት በሳምንቱ ድኗል።

እናት ከሳሪስ፦ ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ነው የለቀቀው!

ዶክተሯ፦ እማማ፣ እናቷ ልክ ናት። ያ ነጭ እብጠት ገና ያልወጣ የውሻ ክራንቻ ጥርስ ነው፣ በጤነኛ ልጅ ላይ ያለ። ተቅማጡን አላመጣውም። በ6 ወር ልጅ ምግብ ትጀምራለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች። በሽታው የሚገባው በዚያ ነው። ጡት ይቀጥል፣ ኦ አር ኤስ ስጧት፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም መጥባት እምቢ ካለች ማታውኑ።

ድድ ተቧጥጦ ደም የፈሰሳቸው፣ ቁስሉ ያመረቀዘባቸው ሕፃናት አሉ። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ቋሚው የውሻ ክራንቻ የሚወጣው በ10 ወይም በ11 ዓመት ነው፣ ጉዳቱን የምታዩት ያኔ ነው። እባክዎ እማማ፣ ማንም ስለት ይዞ ወደ አፏ እንዳይቀርብ።

አያት፦ እሺ ልጄ። ነገ በጠዋት እንወስዳታለን።

አባት ከጎተራ፦ የወተት ጥርስ ግን ይወድቅ የለ? ለምን ይሞላል?

ዶክተሯ፦ ጥሩ ጥያቄ። የፊቶቹ በ6 እና በ7 ዓመት ይወድቃሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10፣ 12 ዓመት ይቆያሉ። በ4 ዓመቱ የተቦረቦረ መንጋጋ ያን ሁሉ ጊዜ ያሳምመዋል። ቀድሞ ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤቱ ጥርስ የቋሚውን ቦታ ይይዛል።

እናት ከጅማ፦ በስንት ዓመት ነው ሐኪም ጋ የሚወሰደው?

ዶክተሯ፦ ከላይ መልሻለሁ። እያነበባችሁ።

እናት ከሳሪስ፦ ማደንዘዣ ሲሰጠውስ ምን እንበለው?

ዶክተሯ፦ «ጥርስህን እናስተኛዋለን» በሉት። መጀመሪያ ድዱን የሚያደነዝዝ ቅባት እንቀባለን። «መርፌ ነው?» ብሎ በቀጥታ ከጠየቀ አትዋሹ። «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ እስከ 5 ስንቆጥር ያልፋል» በሉት። ማስፈራራት አንድ ነገር ነው፣ ለጠየቀ ልጅ እውነቱን መንገር ሌላ።

እናት ከአያት፦ ዶክተርዬ፣ አሁን ጭኔ ላይ አስተኝቼው ቆጠርኩ። 18 ላይ ሳቀና አፉን ዘጋ።

ዶክተሯ፦ አሁን አትድገሚው፣ ይተኛ። ነገ በቀን ብርሃን ከመንጋጋው ጀምሪ።