ገጸ ባሕሪህ ከገጽ ገጽ ለምን ትቀየርብሃለች?

ወንድሜ፣ «ፊት መሳል እችላለሁ፤ ግን የተረቱ ልጅ በየገጹ ሌላ ሰው ትሆንብኛለች፤ የሥዕል ትምህርት ቤት ልግባ ወይ?» ብለሃል። ትምህርት ቤት ብትገባ ጥሩ ነው፤ እስከዚያ ግን እጅህን አጣጥፈህ አትጠብቅ።

መጀመሪያ ልጅቷን ብቻዋን ደጋግመህ ሳላት። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስትሮጥ፣ ስታኮርፍ። ቁመቷ የጭንቅላቷን ስንት እጥፍ እንደሆነ ወስንና አትቀይረው። አዋቂ ሰው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው፤ ትንሽ ልጅ ግን አምስት ቢሆን ነው። ሕፃን ስንሳል ያጠረ ትልቅ ሰው የሚሆንብን ይህን ስለምንረሳ ነው።

ከዚያ 8 ኤፎር ወረቀት ደርበህ ለሁለት እጠፍና መሃሉን ስፋው። 32 ገጽ ይወጣሃል፤ የተለመደው የሥዕል መጽሐፍ ልክ ነው። በእርሳስ ጫር ጫር እያደረግህ ታሪኩን አስቀምጥበት። ለጽሑፉ ቦታ ተው። የማንም ፊት መታጠፊያው ላይ እንዳይወድቅ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ገጽ መግለጡን ነው። የአያ ጅቦን ተረት ውሰድ። በቀኙ ገጽ ጠርዝ ላይ ጥላውን ብቻ አሳይ። ልጁ ራሱ ቸኩሎ ይገልጣል! ጽሑፉ «ጅብ መጣ» ካለ ደግሞ አንተ ያንኑ አትድገም፤ የአህያዋ ጆሮ ቀጥ ሲል ሳል።

ስትጨርስ ለሰፈር ልጆች ሳታነብ ሥዕሉን ብቻ ግለጥላቸው። የት ጋ ዓይናቸው እንደሚሸሽ እይ፤ ያንን ገጽ እንደገና ሥራው።