ፊደሉ ሲደበላለቅ ሥሩን ፈልጊ

እህቴ፣ ልጅሽ የተደበላለቁ ፊደላት አይቶ ወዲያው ቃል እንደሚያወጣ፣ አንቺ ግን ብታፈጪ ብታፈጪ ከቀረበልሽ ቅደም ተከተል መውጣት እንዳቃተሽ ጽፈሻል። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ፣ ከልጆቼ ጋር ከካርቶን በቆረጥናቸው ፊደላት ስንጫወት ዓመታት አልፈዋል። ያው ችግር ነበረብኝ።

ዓይንን የሚያስረው ድርድሩ ነው። የጥንት መምህራን ይህን ያውቁ ነበር፤ ሕፃኑ ሀሁን በቃሉ ሸምድዶ እንዳያታልላቸው ፊደሉን አዟዙረው በአቡጊዳ ያስቆጥሩታል። አንቺም ፊደላቱን በክብ አስቀምጫቸው፤ ክብ መጀመሪያ የለውም።

ከሁሉ በፊት ግን ሕጉን ተስማሙበት፤ በእኛ ቤት ጠብ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነበር። ፊደሉ እንደተጻፈ ይጸናል ወይስ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ማለትም ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ቅርጹ፣ ይለወጣል? ስክራብል ለሚባለው የእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ 26 ፊደላት ይበቁታል፤ የእኛ 33 ሆሄያት ግን በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። «ጎንደር» ካልተነካ እኔ የማገኝበት ጎንና ደን ብቻ ነው። ከተፈታ ግን ንግድ፣ ግንድ፣ ነገር፣ ጎድን፣ ድር፣ ድግር፣ ጎራዴ ይወጡታል። ለጀማሪ የተፈታው ይሻላል እላለሁ። ሀና ሐን፣ ሰና ሠን እንደ አንድ ቁጠሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሙሉውን ቃል አትፈልጊ፤ ሥሩን ፈልጊ። አብዛኛው የአማርኛ ግሥ በሦስት ተነባቢ ይቆማል፤ ሥሩ እነሱ ናቸው፤ ሦስት ፊደል ደግሞ የሚደረደረው በስድስት መንገድ ብቻ ነው። አምስት ፊደል 120 መንገድ አለው፤ ያን ሁሉ በዓይን መከተል አይቻልም። ስለዚህ ቅጥያ የሚመስለውን ቀድመሽ ለይ፤ ከፊት መ፣ ተ፣ አስ፣ ከኋላ ነት፣ ኛ፣ ዎች። ት፣ ግ፣ ነ፣ ደ ቢቀርብልሽ ነትን ወደ ጎን አድርጊው፤ ደግ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ።

አንድ የክረምት ምሽት ልጄ ብ፣ ድ፣ ር አስቀመጠችልኝ። የታየኝ ብድር ብቻ ነበር። እሷ ብርድ አለች፣ ድርብ አለች፤ ሦስቱም አንድም ፊደል ሳይለወጥ። ቀጥላም ብን ባለበት ትታ ድን ወደ ግዕዝ መለሰችና «ደብር» አለችኝ። አርባ አራት ታቦት በሚባልላት ከተማ ኖሬ ደብር እንዴት እንዳመለጠኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል! ከዚያ ምሽት ወዲህ ስድስቱንም መንገድ በወረቀት ሳልጽፍ «የለም» ብዬ አላውቅም። መጻፉ ያዘገያል፤ ሆኖም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጅሽ ሳይጽፍ ዓይንሽ ብቻውን ይዞራል።

ዛሬ ማታ ለልጅሽ ክ፣ ብ፣ ር ስጪውና አብራችሁ ሞክሩ። ክብርን ወዲያው ያገኛል። ብርክን፣ ረከበን፣ ከበሮንና ከርቤን አንቺ ቅደሚው። ት ብትጨምሩበት ረከቦትም ይመጣል።